ስሙን ተይና ገበሩን ገልብጪ

ጥያቄው፦ «እትዬ፣ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሚላን ልላክ ነው። ለራሴ የማውለው 300 ዩሮ ያህል ይኖረኛል። የታዋቂ ዲዛይነሮች የድሮ ቦርሳና ልብስ እዚያ በቅናሽ ይገኛል ይላሉ። ታናሽ እህቴ ኅዳር ላይ ደሴ ትዳራለች፤ ያን ቀን የምይዘው ኦሪጅናል ቦርሳ እፈልጋለሁ፤ ብችል ሉዊ ቪቶን ወይ ሻኔል። ፎርጅድ ተሸክሜ እንዳልመጣ ምን ምን ልይ? የትስ ልሂድ? ቦሌ ላይ ጉምሩክ ያስቸግረኝ ይሆን?»

አብሽሪ የኔ እናት። የጉምሩኩን ነገር ወደ ኋላ ላቆየው፤ ከሁሉም እሱ ይቀላል። ከማን እንደምትሰሚ እንድታውቂ ግን ስለራሴ ትንሽ ልንገርሽ። ሚላን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለቱን ዓመት አሮጊት ሳስታምም፣ የቀረውን ያገለገለ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ልብስ ስጠግን ነው የጨረስኩት። አሁን ደሴ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብዬ፣ አንድ ሲንጀርና አንድ የቆዳ መስፊያ መኪና ይዤ ኮት አጠባለሁ፣ የቦርሳ እጀታ እቀይራለሁ፣ ገበር አለብሳለሁ። ከደንበኞቼ ግማሾቹ ከሳልቫጅ የገዙትን፣ ግማሾቹ ዱባይ ወይ ቤይሩት ያለች እህታቸው የላከችላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፎርጅድ በየቀኑ እጄ ላይ ይወድቃል። ኦሪጅናልም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቲቱ ራሷ ሳታውቀው።

ምክሬ ይኸው፦ በ300 ዩሮ ስም አትግዢ፣ ሥራ ግዢ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ስፌት ስትቆጥሪ የምትውዪ ሰው ነሽ። በኢንች ስንት ስፌት እንዳለ በዓይንሽ ትለያለሽ፤ ትከሻው የተጣመመ ሸሚዝ ገና ከሩቅ ያስነጥስሻል። እነዚያ ገበያዎች ላይ ከሚርመሰመሰው ቱሪስት ብዙው ይህ ዓይን የለውም። አንቺም ዓይንሽን ፋብሪካው በር ላይ ጥለሽ ሄደሽ ማኅተምና ቁጥር ስታሳድጂ ከዋልሽ ከእነሱ አትሻዪም።

ስሟን ከጠራሻት ቦርሳ ልጀምር። ያ ቡናማው፣ ፊደልና አበባ ያለበት የሉዊ ቪቶን ቦርሳ ቆዳ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የጥጥ ሸራ ነው፤ ላዩ በፒቪሲ የተለበጠ። ንድፉ የወጣው በ1896 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ)። ቆዳው እጀታውና ጠርዙ ብቻ ነው። እሱም ቀለም ያልተነከረ የላም ቆዳ ስለሆነ ከሱቅ ሲወጣ ነጣ ያለ ነው፤ ፀሐይና የእጅ ወዝ እየነካው ሲሄድ ማር ይመስላል። ስለዚህ «የሃያ ዓመት ዕቃ ነው» እያሉሽ እጀታው እንደ ወረቀት ከነጣ ወይ እጀታው ተቀይሯል፣ ወይ ዕቃው ሌላ ነው። ሌላም አለ፤ እውነተኛው ማር እኩል አይደለም። እጅ የሚያርፍበት ጋ ይጠቁራል፣ ብረቱ የሸፈነው ሥር ፈዝዞ ይቀራል። ፎርጅድ ሠሪው ግን ቆዳውን አስቀድሞ ቡናማ ይነክረዋል፤ ዘለበቱን ቀና አድርገሽ ከሥሩ ብታዪ እንኳ ያው ነው። አንድ ወጥነቱ ነው የሚያጋልጠው።

ደግሞ ስፒዲ የሚሉት ሞዴል አለ፤ ከ1930 ጀምሮ ያለ። የሸራው አካል አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚቆረጠው፤ ከሥሩ መጋጠሚያ ስፌት የለውም። ስለዚህ በአንዱ ጎን ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ በሌላው ጎን ተዘቅዝቀው ይታያሉ። አምና አንዲት ልጅ «ፊደሉ ተዘቅዝቋል፣ ሸውደውኛል» ብላ እያለቀሰች መጣች። አክስቷ ከሞተች ሴትዮ ቤት ያመጣችላት ቦርሳ ነው፤ ጓደኞቿ ስቀውባት ልትሸጠው ነበር። ስፌቱን፣ ዚፑን፣ የእጀታውን ሥር አየሁት። ንጹሕ ኦሪጅናል! ጓደኞቿ የያዙት፣ በሁለቱም ጎን ቀጥ ያለው፣ እሱ ነው ፎርጅዱ።

«የውስጥ ቁጥሩን እዪ» የሚልሽ ደግሞ ይበዛል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2021 ድረስ እነዚህ ቦርሳዎች ውስጥ የት እና መቼ እንደተሠሩ የሚናገር ኮድ ይታተም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቺፕ ተተካ። ከ1990 እስከ 2006 ያለው ሁለት ፊደልና አራት አሃዝ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው አሃዝ ተጣምሮ ወሩን፣ ሁለተኛውና አራተኛው ዓመቱን ይናገራል። 0043 ካለ አራተኛው ወር፣ 2003 ነው። ከ2007 ወዲህ በወሩ ፋንታ የሳምንቱ ቁጥር ገባ።

ይህንን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ገና ሱቁን እንደተቀጠርኩ አንድ እሁድ ከመንገድ ገበያ በ120 ዩሮ ቦርሳ ገዛሁና ሰኞ በኩራት ይዤ ገባሁ። ለእኔ ያኔ 120 ዩሮ የስንት ቀን እንጀራ መሰለሽ። አለቃዬ ወደ ውስጡ አጎንብሳ አየችና፣ ሳትስቅ፣ «ይቺ ልጅ የተወለደችው በሠላሳ አንደኛው ወር ነው» አለችኝ። ቁጥሩ 3917 ነበር። ዓመቱ 1997፣ ወሩ 31። ያን ቦርሳ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ ክርና መቀስ እይዝበታለሁ።

ተቃራኒውን ግን እንዳታምኚ። ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ቦርሳው ልክ ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ኦሪጅናል ላይ ቁጥር ገልብጦ ሺ ቦታ መምታት ከቦርሳው ሥራ ሁሉ ይቀላል። ቁጥር ውሸታምን ይይዛል እንጂ ለእውነተኛው ምስክር አይሆንም።

ሻኔልን በአጭሩ ልለፈው። ያ ሰንሰለት ማንገቻ ያለው፣ ላዩ እንደ ፍራሽ የተጠቀጠቀው ቦርሳ መነሻው የካቲት 1955 የወጣው ሞዴል ነው፤ ሁለቱ «ሲ» የተቆላለፉበት መዝጊያ ደግሞ በ1980ዎቹ በዲዛይነሩ በካርል ላገርፌልድ ጊዜ ነው የመጣው። ሲዎቹን ካየሽ የቀኙ ከላይ በኩል በግራው ላይ ያልፋል፣ ከታች በኩል ደግሞ የግራው በቀኙ ላይ። ይህም ይቀዳል። ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ ይህ ቦርሳ በ300 ዩሮ የለም። የሞተችም ሴትዮ፣ የቸገራትም ሴትዮ፣ የተፋታችም ሴትዮ በ300 ዩሮ አትሸጥልሽም። ካገኘሽ ሩጪ። ደህና የሆነ ሉዊ ቪቶንም ከታማኝ ሱቅ በዚህ ገንዘብ በጭንቅ ነው፤ የሚደርስሽ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተላጠ ነው።

ታዲያ ምን ይገዛል? እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ኮት እገዛለሁ። ኮምቦልቻ ተቀምጠሽ ኮት ስልሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሐረጎን ግን ወጥተሽ ኅዳር ጥዋት ደሴ ስትገቢ፣ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣ ድንኳኑ ሥር ያለችው አማት እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከትታ ስታይ ትረጂኛለሽ። ቦርሳ አያሞቅም።

ጣሊያኖቹ ኮት ላይ ሰነፎች አይደሉም። ማክስ ማራ የሚባለው ቤት ከ1951 ጀምሮ የሴት ኮት ሲሠራ ኖሯል፤ በ1981 የወጣው 101801 የሚባል ቁጥር ያለው ሰፊ ኮት እስከ ዛሬ ሳይቀየር ይሸጣል። የዚህ ቤት የድሮ ኮቶች፣ ላያቸው ላይ ምንም ስም ስለማይጮኽ፣ አሮጌ ገበያ ላይ ከሥራቸው በታች ነው የሚሸጡት። ፊደል ያለበት ሸራ ከሱፍና ከግመል ፀጉር ሲበልጥ የምታዪው እዚያ ነው። ለእኔ ጥጋብ ነው፤ ለአንቺ ግን ዕድል።

ኮቱን አንሺና ፊቱን ሳታዪ ገልብጪው። ውስጡ ላይ ተጽፎ የምታገኚውን ልንገርሽ፦ ላና ሱፍ ነው፣ ሴታ ሐር፣ ኮቶኔ ጥጥ፣ ፔሌ ቆዳ፣ ፎዴራ ገበር። (እኛ የመኪና ወንበር ልብስ ፎደራ የምንለው ከዚያው የመጣ ነው።) ከዚያ ጀርባውን ከአንገቱ በታች ዳብሺ። ጥሩ ገበር መሃል ጀርባው ላይ እጥፋት አለው፤ ክንድሽን ወደፊት ስትዘረጊ ገበሩ እንዲከፈት እንጂ እንዳይቀደድ። እጥፋቱ ከሌለ ሠሪው ጨርቅ ቆጥቧል፤ እዚህ የቆጠበ ሌላም ቦታ ቆጥቧል። የእጅጌው ጫፍ ጋ ገበሩን ሳብ አድርጊና ከስፌቱ በኋላ ምን ያህል ጨርቅ እንደተረፈ እዪ። የድሮ ሰፊ ለልጅ ልጅ የሚሰፋ ይመስል ሁለት ጣት ይተውልሻል፤ እኔ ኮት ማስፋት የምችለውም ያ ከተረፈ ብቻ ነው።

አሁን ደረቱ ላይ ጨርቁንና ገበሩን በሁለት ጣትሽ ቆንጥጪና ለያይተሽ እሺው። መሃል ላይ ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ከተሰማሽ፣ እናንተ ኢንተርላይኒንግ የምትሉት በእጅ ወይ በመኪና ተሰፍቶ ገብቷል። ካልተሰማሽ በሙጫና በሙቀት ተጣብቋል። የተጣበቀው ሁሉ መጥፎ አይደለም። ግን ዕድሜ ሲጠግብ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ እንደ ፊኛ ኩፍ ኩፍ ይላል፤ ያ ከጀመረ እኔም ሌላም አንጠግነውም። መስኮት አጠገብ ውሰጂና ጎንዮሽ ብርሃን አሳዪው፤ ይታያል።

ብርሃን ካልኩ አይቀር፦ ሱፍ ከሆነ ወደ ፀሐይ አንሺውና ከውስጥ በኩል እዪ። ብል የበላው ቦታ እንደ መርፌ ቀዳዳ ኮከብ ሆኖ ያበራል። ኮሌታው ሥር፣ የኪሱ ክዳን ሥር፣ ብብቱ ጋ፣ ብል ጨለማና ላብ ነው የሚወደው። አንድ ሁለት ቀዳዳ ከገበሩ ጠርዝ ክር ነቅዬ እሸምንልሻለሁ። አሥር ከሆነ ተዪው። የብብት ላብ ቀለሙን ከቀየረ አይመለስም። ናፍታሊን ብቻ የሚሸት ሳምንት ነፋስ ላይ ሰቅለሽ ይለቃል። የሻጋታ ሽታ ግን ከሰው ዕድሜ ይረዝማል። ሐር ከሆነ ደግሞ ሳትስቢው ጣትሽን ብቻ አሳርፊበት፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ሸረክ ካለ በልብስነት አልቋል።

ዕድሜውን ሻጩ ከነገረሽ ልብሱንም ጠይቂው። እዚያ ሰፈር ቪንቴጅ የሚሉት በልማድ ሃያ ዓመት ያለፈውን ነው፤ መቶ ያለፈው አንቲክ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በቀላሉ ያገለገለ ልብስ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። የሱፍ ክር ልቃቂት የሚመስለው የዉልማርክ ምልክት የወጣው በ1964 ነው፤ «የሃምሳዎቹ ኮት ነው» እያለ ያ ምልክት ካለበት ሻጩን ፈገግ ብለሽ አልፈሽው ሂጂ። የማጠቢያ መመሪያ ልብስ ላይ እንዲሰፋ አሜሪካ ያስገደደችው በ1972 ነው፤ የአሜሪካ ልብስ ላይ ዝርዝር የማጠቢያ ትእዛዝ ካየሽ ከዚያ ወዲህ ነው ብለሽ ጀምሪ። ቀሚስ ላይ የብረት ዚፕ ከላስቲኩ ይቀድማል፤ ላስቲኩ በ1960ዎቹ ነው የተስፋፋው። ዚፕ ግን ይቀየራል፤ እኔው ራሴ ስንቱን ቀይሬያለሁ፤ ስለዚህ የዚፑ ስፌት ክር ከሌላው ክር ጋር አንድ መሆኑን እዪ። ዚፑ ላይ ዋይ ኬ ኬ ስላለ «ርካሽ ነው» የሚል ሰምተሽ ከሆነ ተዪው፤ ጃፓኖቹ ዚፑን ለትልቁም ለትንሹም ይሸጣሉ። ላምፖና ሪሪ የሚሉትን ካየሽ ግን ትንሽ ቆም በዪ፤ የመጀመሪያው የጣሊያን፣ ሁለተኛው የስዊዝ ነው፤ ደህና ቤቶች ይወዷቸዋል።

ስለ ስም አንድ ታሪክ ልጨምር። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሰኞ ገበያ ሳልቫጅ የሚዘረጉ ልጆች ጋ አንድ የዝናብ ካፖርት አየሁ፤ ቤዥ፣ ቀበቶው የለም፣ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። ልጁ «ፎርጅድ ነው እትዬ፣ ስሙን እንኳ አልቻሉበትም» ብሎ በጫማ ዋጋ ሊለቀው ነው። ኮሌታው ሥር «በርበሪስ» ይላል፤ የታወቀው የእንግሊዝ ካፖርት ቤት ግን «በርበሪ» ነው የሚባለው። ስሙን አውቆ ነው ልጁ የጣለው! ቤቱ ራሱ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ መለያው ላይ በመጨረሻዋ «ስ» ነበር የሚጽፈው፤ ኋላ ነው የቆረጣት። ገለበጥኩት። የገበሩ መስመር ጎንና ጎን ስፌቱ ላይ ሲገናኝ አንድም መስመር አልሳተም። አራት ማዕዘን መስመር ያለው ጨርቅ መጋጠሚያው ላይ እንዲገጥም ለማድረግ ስንት ጨርቅ እንደሚባክን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ፎርጅድ ሠሪ ያንን ጨርቅ አያባክንም። ልጁ የጠራውን ከፍዬ፣ ከላዩም ትንሽ ጨምሬ ወሰድኩት። ምክንያቱን ያኔ አልነገርኩትም፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከኮት ሌላ ሻሽ አስቢ። ኤርሜስ የሚባለው ቤት በ1837 ፓሪስ ላይ የፈረስ ዕቃ ሰፊ ሆኖ ነው የጀመረው። ቦርሳቸው ዛሬ ሰማይ ነው፤ አንዱ ቦርሳቸው በስሟ የተጠራላት የተዋናይቷ የጄን ቢርኪን የራሷ ቦርሳ በሐምሌ 2025 ፓሪስ ላይ በጨረታ ከ8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጣ። የሐር ሻሻቸው ግን ያገለገለው ከ300 ዩሮሽ በታች ይገኛል። ከ1937 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ልኩ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር፤ ለሻሽ ብታስሪው፣ ሂጃብ ብታደርጊው፣ ሰርግ ላይ ትከሻሽ ላይ ጣል ብታደርጊው ይበቃል። መለያው ጠርዙ ላይ ነው። ቅምቅማቱ በእጅ ተጠቅልሎ በእጅ ይሰፋል፤ የሚጠቀለለውም ወደ ፊቱ፣ ሥዕሉ ወዳለበት በኩል ነው። እኛ የምናውቀው ቅምቅማት ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ይህንን ያየ «ተገልብጦ ተሰፋ» ይላል። ጣትሽን ጠርዙ ላይ አስኪጂው፤ እንደ ስንደዶ ሙሉ፣ ክብ ሆኖ ይሰማሻል። ስፌቱ ደግሞ የሰው እጅ ስለሆነ አንዱ ራቅ አንዱ ቀረብ ይላል፤ ነጠላ የሚቋጩ ሴቶችን ሥራ ያየ ዓይን አይሳሳትም። ጠፍጣፋ ሆኖ በመኪና የተሰፋ ጠርዝ፣ ወይ በካውያ ተጫጭኖ የሞተ ጠርዝ ካየሽ ተጠራጠሪ።

ቦርሳ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽም አለ። ጩኸታም ያልሆነ፣ ሙሉ ቆዳ የሆነ የፌራጋሞ የድሮ ቦርሳ ፈልጊ፤ ወይ ስሙ ያልታወቀ የፊሬንዜ (ፍሎረንስ) ከተማ ሠሪ የሠራው። ጠርዙ ላይ የተቀባው ቀለም ሳይሰነጠቅ፣ ማንገቻው የሚገባበት ጋ ስፌቱ ትንሽ ጋደል ብሎ ካየሽ በእጅ፣ በሁለት መርፌ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ክር ቢበጠስ አይተረተርም። የጉቺን የቀርከሃ እጀታ ቦርሳ ያሳዩሽ ይሆናል፤ ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው፤ ቀርከሃው በእሳት ሞቆ በእጅ ስለሚታጠፍ የሁለት ቦርሳ እጀታ አንድ ዓይነት አይሆንም። አንጓው ሁሉ እኩል የሆነ ፕላስቲክ ነው። ከአዞና ከዘንዶ ቆዳ ግን ራቂ። በ1973 በተፈረመው ሳይቲስ በተባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ምክንያት ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ላይ ሊያዝብሽ ይችላል፤ አሮጌ መሆኑ ብቻውን አያድንሽም።

የት ትሄጃለሽ? መጀመሪያ ገንዘብሽን ቤት ትተሽ ብሬራ ሰፈር ያለው ካቫሊ ኤ ናስትሪ የሚባል የቪንቴጅ ሱቅ ግቢ። የተመረጠ፣ ውድ ነው። እዚያ የምትሄጂው ለመዳበስ ነው፤ እጅሽ እውነተኛውን አንዴ ካወቀ በኋላ ገበያ ላይ ያግዝሻል። ከዱኦሞ፣ ከትልቁ ካቴድራል፣ አቅራቢያ ሁማና ቪንቴጅ የሚባል ሱቅ አለ፤ ዋጋው ለሰው ልጅ ነው። ናቪልዮ ግራንዴ ቦይ ዳር በየወሩ የመጨረሻ እሁድ የጥንት ዕቃ ገበያ ይዘረጋል፤ በበጋቸው የሚዘሉት ወር ስላለ ጠይቂ። በዚያው ሰፈር የሲኒጋልያ ገበያም አለ፤ ቀኑን ጠይቂ። ምርጫ ከፈለግሽ በጥዋት፣ ቅናሽ ከፈለግሽ ሻጩ ሳጥን መሰብሰብ ሲጀምር። «ሚ ፋ ኡኖ ስኮንቶ?» በያቸው፤ ቅናሽ ያደርጉልኛል ወይ ማለት ነው። አትፍሪ፤ ከባቲ ሰኞ ገበያ የባሰ ክርክር የለም። ገበያ ላይ ጥሬ ብር፣ ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ። ሲርብሽ ፖርታ ቬኔዝያ ውረጂ፤ እንጀራም ሐበሻም አለ።

መንገድ ላይ አንሶላ ዘርግተው ቦርሳ ከሚደረድሩ ልጆች ግን በሳቅም ቢሆን አትግዢ። የጣሊያን ሕግ ሻጩን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ፎርጅድ የገዛውም ሰው እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

ከመሄድሽ በፊት ሜትር አንሺና በጣም የሚሆንሽን ኮት ወይ ጃኬት ጠረጴዛ ላይ አንጥፈሽ ለኪው፦ ትከሻ ከስፌት እስከ ስፌት፣ ከብብት እስከ ብብት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ወገብ። በሳንቲ ሜትር ስልክሽ ላይ ጻፊው፤ ሜትሩንም ይዘሽ ሂጂ። የጣሊያን 42 የፈረንሳይ 38 ነው፤ የእንግሊዝ 10። የድሮ ልብስ ላይ ግን ቁጥሩን አትመኚ፤ የ1970ዎቹ 42 ከዛሬው ጠበብ ይላል። ትከሻው ካልገጠመ አትግዢው። ወገብ አጠባለሁ፣ እጅጌ አሳጥራለሁ፣ ትከሻ ግን አዲስ ኮት እንደመስፋት ነው፤ ከኮቱ በላይ አስከፍልሻለሁ።

አሁን ቦሌ። ልባሽ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ሳልቫጅ በኮንትሮባንድ የሚገባውም ለዚህ ነው። አንድ ኮት፣ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ሻሽ ግን የመንገደኛ የግል ዕቃ ነው። ነገር የሚያመጣው ለጎረቤት ለዘመድ ብለሽ ተመሳሳይ ቦርሳ አምስት ስድስት ስትከምሪ ነው። መመሪያው ስለሚለዋወጥ ከመሄድሽ በፊት እዚያው ኮምቦልቻ ያለውን የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጎራ ብለሽ ጠይቂ። ደረሰኝሽን አትጣዪ። ኮቱን ለብሰሽው ግቢ፤ ሻንጣሽም ይቀላል። የቫት ተመላሽ ነገር የሚያወሩሽ ከ70 ዩሮ በላይ ለሆነ አዲስ ዕቃ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ተስፋ አድርገሽ በጀትሽ ውስጥ እንዳታስገቢው። ሱፍ ከገዛሽ ማረፊያሽ ፍሪዘር ካለው በላስቲክ ጠቅልለሽ ለሳምንት አስገቢው፤ የብል እንቁላል ይዘሽ ገብተሽ የእናትሽን ጋቢ እንዳታስበዪ።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ አንቺ በሁለት አገር መካከል ነሽ ያለሽው፤ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ የአሮጌ ቦርሳ የፕላስቲክ ገበርን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል፤ ስትገዢም እጅሽን ኪሱ ውስጥ ከትተሽ የሚያጣብቅ ከሆነ ተዪው፤ እኔ ጋ ገበር ማስቀየር ብዙ ያስወጣሻል። ደሴ ደግሞ በክረምቱ እርጥበቱ ቆዳን ያሻግታል። ሁለቱም ጋ ፌስታል ውስጥ አትክተቺ፤ አሮጌ ነጭ አንሶላ ጠቅልለሽ፣ ቦርሳው ውስጥ ወረቀት ሞልተሽ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጊው።

አንድ ነገር ልላክሽ። ናቪልዮ ላይ በሳጥን ሞልተው ቁልፍ ብቻ የሚሸጡ ሽማግሌዎች አሉ። የዚያ ካፖርቴ ሁለት ቁልፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ባለ አራት ቀዳዳ፣ ቡናማ፣ የቀንድ ሁለት አምጪልኝ፤ ስፋቱን ሜትር ይዘሽ ስትመጪ ከኮቱ ላይ ትለኪያለሽ፤ ከመሄድሽ በፊት ብቅ በዪ። ቀንድ መሆኑን ጉንጭሽ ላይ አስጠጊና እዪው፤ ከፕላስቲኩ ይቀዘቅዛል፤ የሁለቱም መስመር አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክ ነውና መልሺለት። ዋጋውን እሰጥሻለሁ፤ ኮትሽን ደግሞ ለሰርጉ በነፃ አጠባልሻለሁ።